የጋራ ቤት ሲታደስ፦ የአፍሪካ አዳራሽ ከምረቃ እስከ እድሳት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዓላቸውን ሲያከብሩ ስለ ተሰበሰበው ምርት፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ለአባላት ስለ ተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ብዙ ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው። ስብሰባው ስለሚካሄድበት አዳራሽ፣ ሰነዱ ስለሚቀመጥበት ጽሕፈት ቤትና እህሉ ስለሚከማችበት መጋዘን የሚናገር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ቤት አፍ የለውምና ጣሪያው ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ክርክር ይነሳል። አፍርሰን አዲስ እንሥራ የሚል ይኖራል፤ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ለአባላት ቢከፋፈል ይሻላል የሚልም ይኖራል፤ ለከርሞ ይደር የሚለው ሐሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል።

የጋራ ቤትን ማደስ ምን ያህል ጊዜ፣ ገንዘብና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ጥሩ ማሳያ ነው። አዳራሹ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሕንጻ ነው። ድርጅቱ 193 አባል አገሮች ያሉት በመሆኑ ቤቱ የ193 አባላት የጋራ ቤት ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. ሲሆን፣ መቀመጫውም አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለኮሚሽኑ የሚሆን ቤት አሠርተው በስጦታ ለማስረከብ ተነሡ። ንድፉ የተሰጠው በወጣትነቱ ከጣሊያን ወደ አስመራ መጥቶ ሙያውን እዚያ ለጀመረው አርክቴክት ለአርቱሮ መዘዲሚ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የነደፈውም ይኸው ሰው ነው። ግንባታው የፈጀው ጊዜ 18 ወር ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሕንጻ ሦስትና አራት ዓመት ሲጓተት ለሚያይ ሰው ይህ የሚያስገርም ፍጥነት ነው።

ቤቱ ሊመረቅ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተካሂዶ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው አለቀ። ያም ሆኖ ምረቃው አልቀረም፤ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. አዳራሹ ተከፈተ። በዚያው 1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሚመለከተው ድንጋጌ ቁጥር 44/1953 መውጣቱን እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በአገራችን የዘመናዊ የኅብረት ሥራ ሕግ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ይኸው ድንጋጌ ነው። አዳራሹና የኅብረት ሥራ ሕጋችን እንግዲህ እኩዮች ናቸው።

ወደ ሕንጻው የገባ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በሠሩት ባለቀለም መስታወት ላይ ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው በእንግሊዝ አገር የሥዕል ትምህርት የተማሩ ሲሆን፣ አዳራሹ ሲመረቅ ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበሩ። መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውና በሦስት የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ሌላው የጊዜውን ትግል፣ ሦስተኛው የነገውን ተስፋ ያሳያል። ሥራው በተሰጣቸው ጊዜ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን ማግኘታቸው ሲታሰብ፣ ሠዓሊው ተስፋውን የሣሉት ነገሩ በዓይን እየታየ ባለበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ቤቱ ስሙን የተከለው ግን በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የነጻ አፍሪካ አገሮች መሪዎች እዚያ ተሰበሰቡ። ሲመጡ አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። የካዛብላንካ ቡድን የሚባሉት አገሮች ጠንካራና ፈጣን ውሕደት ይፈልጉ ነበር፤ የሞንሮቪያ ቡድን የሚባሉት ደግሞ ቀስ በቀስ በትብብር መሄድን ይመርጡ ነበር። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ አንድ የአፍሪካ መንግሥት እንዲመሠረት አጥብቀው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ሊቀበሉት በሚችሉት ላይ ተስማምተው፣ ግንቦት 17 ቀን የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ የሚያውቅ የማኅበር አባል ይህን ዓይነቱን ስምምነት ሳይነገረው ይረዳዋል። ሁሉም የፈለገውን አላገኘም፤ ተጣልቶ የወጣ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያው ግቢ ውስጥ ሰፊ የስብሰባ ማዕከል ተሠራ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት በከተማዋ ሌላ አካባቢ ወደ ተገነባለት አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ገባ። የአፍሪካ አዳራሽ በበኩሉ እያረጀ ሄደ። በ1950ዎቹ የተዘረጋ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር፣ ለዛሬ የደህንነት መመዘኛ ታስቦ ያልተሠራ መዋቅር፣ ከውጭ የለበሰው ሞዛይክ፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት መስኮት ሁሉ ጥገና የሚፈልጉ ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ቤቱን ዘግቶ መተው ነው። አዲስ ቤት ያለው ሰው ለአሮጌው ቤት እንደማይጨነቅ የታወቀ ነው።

የተወሰነው ግን እንዲታደስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. የእድሳቱን ፕሮጀክት ሲያጸድቅ፣ ጠቅላላ ወጪው ከ56.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። ገንዘቡን የሚያዋጡት አባል አገሮቹ ሲሆኑ፣ መዋጮው እንደየአገሩ የኢኮኖሚ አቅም ይለያያል። በጉባኤው ላይ ግን ብዙ የሚያዋጣውም ጥቂት የሚያዋጣውም አገር ያለው ድምፅ አንድ ነው። ብዙ ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛውም አባል እኩል አንድ ድምፅ ካለው መሠረታዊ ማኅበር ጋር በዚህ በኩል ይመሳሰላል።

ለማኅበራት አመራሮች ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው የቁጥጥሩ ሥርዓት ነው። ፕሮጀክቱ አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ ለመሐንዲሶችና ለሥራ ተቋራጭ ተሰጥቶ አልተተወም። ዋና ጸሐፊው የእድሳቱ ሥራ የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ ሪፖርት በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርቡ ነበር። በሪፖርቱ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደዘገየ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣና ምን ሥጋት እንዳለ ይቀርባል። ሪፖርቱ ጉባኤው ፊት ከመድረሱ በፊት የአስተዳደርና የበጀት ጉዳዮች አማካሪ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ኮሚቴውም የራሱን አስተያየት በጽሑፍ ያቀርባል። ቀጥሎ የአባል አገሮች ተወካዮች የተቀመጡበት አምስተኛው ኮሚቴ ይወያይበታል። ለቀጣዩ ዓመት የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሥራ አስኪያጅ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የቁጥጥር ኮሚቴና ጠቅላላ ጉባኤ የሚባሉት አካላት ያላቸው ድርሻ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሪፖርቱ ላይ ነው። በብዙ ማኅበራት የቤት ጥገና ጉዳይ በዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ እሱም «ጥገና ተደርጓል» የሚል ነው። የትኛው ግድግዳ፣ በስንት ብር፣ በማን እንደተጠገነ አይገለጽም። በዓመቱ ያው ግድግዳ እንደገና ይሰነጠቃል፤ ሪፖርቱም እንደገና «ጥገና ተደርጓል» ይላል።

ወደ አዳራሹ እድሳት እንመለስ። ማደስ አዲስ ከመሥራት ይከብዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ባዶ መሬት ላይ ይጀምራል። የሚያድስ ሰው ግን በመጀመሪያ ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚለውጥ መለየት አለበት። ሲነካው ምን እንደሚገጥመውም አስቀድሞ አያውቅም። የግድግዳ ልስን ሲነሳ ከሥሩ የዛገ ብረት ሊገኝ ይችላል፤ ኮርኒስ ሲወርድ የተበላ ሽቦ ሊታይ ይችላል።

የአፍሪካ አዳራሽን ለማደስ የተመረጠው መንገድ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ለዓይን የሚታየው መልክ በተቻለ መጠን እንደ 1953ቱ እንዲሆን፣ የማይታየው ክፍል ደግሞ የዛሬውን መመዘኛ እንዲያሟላ ነው። ከውጭ ሕንጻውን ያለበሱት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የሞዛይክ ጡቦች ከቀድሞው ቀለም ጋር በሚመሳሰሉ ተተኩ። መዘዲሚ ለቤቱ ብሎ የነደፋቸው ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ተመለሱ። የአፈወርቅ መስታወትም በባለሙያ እጅ ተጠገነ። ከዚህ ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ፣ የድምፅና የትርጉም መሣሪያዎች በዘመናዊ ተተክተው፣ አካል ጉዳተኞች ያለ ችግር የሚገቡበትና የሚንቀሳቀሱበት መንገድ ተዘጋጀ።

መዋቅሩም የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ። ይህ ሥራ ከግድግዳና ከወለል በስተኋላ ስለሚቀር ጎብኚ አያየውም፤ ለምረቃ ቀን ፎቶግራፍም አይሆንም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአካባቢው ያሉ አርሶና አርብቶ አደሮችን ከቀያቸው ሲያፈናቅል፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በዚያ ወቅት በየፎቁ ያለው ሰው ወደ ደጅ ሲወጣ፣ የማይታየው ሥራ ለምን ገንዘብ እንደሚወጣበት ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ሥራው በታሰበለት ጊዜ አላለቀም። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጠናቀቅ ነበረበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገባ። ዕቃ ከውጭ ማስገባት፣ ባለሙያ ማንቀሳቀስና ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቦታ ማሰማራት በዓለም ዙሪያ አስቸጋሪ ሆነ። ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። መጓተቱ ግን በየዓመቱ በሪፖርት ይቀርብ ስለነበር ድንገት የሰማው አልነበረም። መዘግየት በራሱ አንድ ነገር ነው፤ መዘግየቱን ከባለቤቱ መደበቅ ሌላ ነገር ነው።

በእነዚህ ዓመታት የኮሚሽኑ ኃላፊዎችም ተለዋውጠዋል። ፕሮጀክቱ ሲጸድቅ ዋና ጸሐፊው የጊኒ ቢሳው ተወላጅ ካርሎስ ሎፔስ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የካሜሩኗ ቬራ ሶንግዌ ለአምስት ዓመታት መሩት። ሲጠናቀቅ በኃላፊነት ላይ የነበሩት የሩዋንዳው ክላቨር ጋቴቴ ናቸው። በመካከል ቦታውን በተጠባባቂነት የያዙም ነበሩ። ሊቀመንበር ሲለወጥ የቀድሞው ኮሚቴ ዕቅድ አብሮ የሚጣልበትን ልማድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ኃላፊው ሲሄድ ፋይሉ አልሄደም፤ ንድፉ፣ ውሉና የክፍያው ሰነድ ቀጣዩን ኃላፊ ጠብቆ ተገኝቷል።

የታደሰው አዳራሽ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በተገኙበት ተመረቀ። ከመጀመሪያው ምረቃ 63 ዓመት ከመንፈቅ በላይ አልፏል። ቤቱ ከስብሰባ ሌላ ሕዝብ ገብቶ ታሪኩን እንዲጎበኘው ሆኖ ተዘጋጅቷል። አርክቴክቱ መዘዲሚም ሆነ አፈወርቅ ተክሌ የታደሰውን ለማየት አልታደሉም። አፈወርቅ ያረፉት በሚያዝያ ወር 2004 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ የሠሩትን የተረከቡ ባለሙያዎች ግን የቀድሞውን ቀለም፣ የቀድሞውን ቅርጽ ፈልገው ሥራቸውን በቦታው መልሰዋል።

ይህን ያህል ዕድል ያልገጠማቸው የጋራ ቤቶች ደግሞ በየገጠሩ ነበሩ። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራትና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በብዛት ሲቋቋሙ፣ በየቦታው ጽሕፈት ቤት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤትና መጋዘን ተሠራ። ብዙው የተሠራው በአባላት መዋጮና ጉልበት ነበር። ዳሩ ግን አባሉ በፈቃዱ አልገባበትም፤ ኮታ የሚጠየቅበት፣ ልጁ ለውትድርና የሚመለመልበት ቤት ሆኖ አገኘው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ አካባቢ የአገልግሎት ማኅበራቱ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ቆርቆሮው ተነቀለ፤ በርና መስኮቱ ተወሰደ፤ ሚዛኑና የወፍጮው ዕቃ ጠፋ። የዘረፈው ከሩቅ የመጣ ሰው ብቻ አልነበረም። ግድግዳውን በጭቃ የመረገ እጅ ቆርቆሮውንም ያወረደበት ቦታ ነበር።

የዛሬዎቹ ማኅበራት በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. በተተካው አዋጅ ቁጥር 985 መሠረት በአባላት ፈቃድ የተደራጁ ናቸው። ካለፈው ዘመን ከተረፉት መጋዘኖች አንዳንዶቹ ጣሪያ ለብሰው ዛሬም ያገለግላሉ። ሌሎቹ በአዲስ ተሠርተዋል። አዲስ የተባሉትም ዛሬ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ለቆርቆሮ ሚስማር፣ ለአሸንዳና ለወለል ይህ ትንሽ ዕድሜ አይደለም።

የመጋዘን ጣሪያ ትንሽ ቀዳዳ ምን እንደሚያደርስ የሚያውቀው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ነው። ዩሪያ እርጥበት ይስባል። አንድ ጊዜ ውሃ የነካው ጆንያ ውስጡ ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል፤ አርሶ አደሩም ወስዶ በመዶሻ ሲፈረካክስ ይውላል። እህል ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይራባበታል። ጆንያው በቀጥታ ወለል ላይ ከተደረደረ ወይም ግድግዳ ካስነኩት ጉዳቱ ቶሎ ይደርሳል። በጥቂት ሚስማርና በአንድ ቆርቆሮ ሊቆም የሚችል ነገር የብዙ አባላትን ዓመታዊ ድካም ያበላሻል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእሳት ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ክረምቱ ገብቷል፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው። በዚያው ዓመት በጀት የተያዘለት የጣሪያ ጥገና ቶሎ ተሠራ ቢባል እንኳ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይሠራል። ቤቱ ከክረምት በፊት እንዲዘጋጅ ከተፈለገ ጥገናው በቀደመው ዓመት በጀት መያዝ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውም ጣሪያውንና አሸንዳውን በጥርና በየካቲት ወጥቶ ማየት፣ የሥራ ተቋራጩ ወይም አናጢው ውል በመጋቢት መፈረም፣ ሥራውም በግንቦት ርክክብ መደረግ ይኖርበታል። የማዳበሪያው የመኪና ጭነት የሚገባውም በእነዚሁ ወራት በመሆኑ፣ መጋዘኑ ባዶ የሚሆንበትን ሳምንት የሚያውቀው ግምጃ ቤቱ ስለሆነ ቀኑ ሲወሰን እሱም ይጠየቅ።